ስለ ውኃ ጕዳትና ስለ ግብር አቈጣጠር፤ በወርቃ ቡና ማጠቢያ ምሳሌ የቀረበ ትምህርት

ግብር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገውን ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ሰው በባልንጀራው ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት በራሱ ሂሳብ ውስጥ እንዲያገባው ማድረግ ነው። የፊተኛውን ሹማምንት ሁሉ ያውቁታል፤ የኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1920 እ.ኤ.አ. አርተር ፒጉ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ስለዚሁ ነገር በሰፊው ጽፎአል። ለጌዴኦ አገር ግን ምሳሌው ከደጅ ይገኛል።

ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ ባለው በወርቃ አገር ቡና ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋራ ይበቅላል። መከሩ ሲደርስ ቀዩ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይመጣል። ገለፈቱ በመፈልፈያ ይላቀቃል፤ ፍሬውም በገንዳ ከቦካ በኋላ በብዙ ውኃ ይታጠባል። እጣቢው ሳይጣራ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ፥ በውስጡ ያለው ስኳር ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ውኃውም ይከረፋል፤ ከወንዙ በታች ለሚኖረው ሰውና ከብት የማይጠጣ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቍጥሮች ለልምምድ ብቻ የተሰጡ ናቸው፤ የማንም ጣቢያ ሂሳብ አይደሉም።

1ኛ ጥያቄ። አንድ ጣቢያ በአንድ መከር 200,000 ኪሎ እሸት ቡና አጥቦ 500,000 ብር አተረፈ። ከወንዙ በታች ያሉ 80 ቤተ ሰቦች ንጹሕ ውኃ ከሩቅ ምንጭ ለመቅዳት እያንዳንዳቸው የ25 ቀን ሥራ አጡ። የቀን ሥራ ዋጋው 150 ብር ነው። የአገሩ እውነተኛ ትርፍ ስንት ነው?

መልስ። 80 በ25፥ ደግሞ በ150 ሲባዛ ጕዳቱ 300,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የአገሩ ትርፍ 500,000 ሳይሆን 200,000 ብር ነው። ትርፉ ከጕዳቱ ስለሚበልጥ ጣቢያውን መዝጋት አይገባም። ነገር ግን ጕዳቱ በጣቢያው መዝገብ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ውኃ በሚቀዱት ሴቶችና ልጆች ጀርባ ላይ ነው። ለአንድ ኪሎ ሲካፈል 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል።

2ኛ ጥያቄ። ሳይጣራ በሚለቀቅ እጣቢ ላይ በታጠበው ቡና ልክ በኪሎ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ቢጣል፥ ጣቢያው ምን ያደርጋል? የማጠራቀሚያና የማጣሪያ ጕድጓድ ለማበጀት በመከር 160,000 ብር ያስፈልጋል፤ ከቆሻሻውም ከአምስት እጅ አራቱን ያስቀራል።

መልስ። ጕድጓድ ባይቈፍር 300,000 ብር ይከፍላል። ቢቈፍር ግን ለጕድጓዱ 160,000፥ ለቀረው ቆሻሻ 60,000፥ በድምሩ 220,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ ማንም ሳያስገድደው ይቈፍራል። ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው 60,000 ብር ብቻ ነው። ሥራውን በሰበሰበው ገንዘብ ብዛት የሚለካ ሹም 240,000 ብር ጐደለብኝ ይላል፤ የጐደለው ግን ጕዳቱ ነው። በእንዲህ ያለ ግብር ገቢው ሲያንስ ሥራው ተሳካ ማለት ነው።

3ኛ ጥያቄ። ያው 1 ብር ከ50 ሳንቲም በእጣቢው ላይ መሆኑ ቀርቶ በሚታጠበው ቡና ሁሉ ላይ ቢጣልስ?

መልስ። ጣቢያው ቢቈፍርም ባይቈፍርም 300,000 ብር ይከፍላል። የቈፈረው 160,000 ብር ይጨምራል፤ ስለዚህ ማንም አይቈፍርም። ደግሞም ጣቢያው ለገበሬው የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። የበሰለ እሸት ቡና ሳይበላሽ የማይቈይ ነውና፥ ሌላ ገዢ ያላገኘ ገበሬ ውኃውን ሳያቈሽሽ ግብሩን ይሸከማል።

ሕግ የሚጠይቀው ሰውና ሸክሙን የሚችለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የመሬት ግብርና የዐሥራት ለውጥ መሬቱ ለም፥ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ እንደ መሆኑ በጋሻ ተወስኖ ይከፈል ነበር። ከፋዩ ባለርስቱ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሸክሙ ወደ ጭሰኛው ይተላለፍ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በሚቺሌ የተነሡት የባለርስቶች ሸክም፥ ይልቁንም ከቡናቸው የሚወሰደው ድርሻ ስለ ከበዳቸው ነው። ስለዚህ ግብር ከመጣሉ በፊት መጨረሻ በማን ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 አካባቢን የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል። ይህ ማለት ግን የወረዳ ሹም በራሱ ፈቃድ ግብር ይጥላል ማለት አይደለም፤ ያለ ሕግ የተሰበሰበ ገንዘብ ራሱ ሌላ ጕዳት ነውና። የሹሙ ሥራ ጕዳቱን በቍጥር መዝግቦ ለሚመለከተው ማቅረብ፥ የጣቢያውም ባለቤት ጕድጓዱን ከመከር በፊት እንዲያበጅ፥ ገለፈቱንም አብስብሶ ለእንሰትና ለቡና ማሳ ማዳበሪያ እንዲያደርገው መምከር ነው።

ለልምምድ። ሁለተኛ ጣቢያ በገደላማ ስፍራ ስላለ ለዚያው ማጣሪያ 300,000 ብር ይፈጅበታል። ቡናውም ጕዳቱም ከፊተኛው እኩል ነው። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ ቈፍሩ ማለት ይገባልን? ሁለተኛው ጣቢያ ከመቈፈር ይልቅ ግብሩን ቢመርጥስ፥ ከእርሱ የሚገኘው 300,000 ብር ለማን ጥቅም ሊውል ይገባል? መልሱን የሚያስብ ሹም አስቀድሞ ከወንዙ በታች ያሉትን 80 ቤቶች ያስብ።