የሙታንን ስምና የዕረፍት ዘመን ስለ መፈለግ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የአያቱን መቃብርና የዕረፍት ቀን የሚፈልግ ምእመን አስቀድሞ ስመ ክርስትናውን ይጠይቅ። በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው በእርሱ ነውና፣ የዓለም ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ይደክማል። ቀጥሎም የአጥቢያውን ካህናት፣ የንስሐ አባቱን ቤተ ሰብ፣ የዕድሩን መዝገብና የመቃብሩን ጽሑፍ ይመርምር።

የመንግሥት የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ ላረፉት ግን የሽማግሌዎች ቃል ታላቅ ምስክር ነው። «በዘመነ ማቴዎስ፣ በሚካኤል ዕለት» ቢሉ ቀኑ ወር በገባ በ12 ነው። ዘመዶች በዓመቱ ቢለያዩ፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረን ለ4 እንከፍላለን፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉበት 1893 ዓ.ም. በዚህ ሒሳብ 7393 ይሆናል፤ ለ4 ሲከፈል 1 ይተርፋልና ዘመኑ ማቴዎስ ነው።

ነገር ግን ሽማግሌው ሲያርፍ ቃሉም አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ እኛ ካህናት ፍትሐት ባደረስን ቁጥር የሟቹን ስመ ክርስትና፣ የዓለም ስም፣ ዕለቱን፣ ዓመቱንና የመቃብሩን ስፍራ ልንጽፍ ይገባናል። እግዚአብሔር የባሮቹን ስም አይረሳም፤ የምንረሳ እኛ ነንና።