የደቻቱን ወንዝ ለምትሻገር ልጄ

ልጄ፣ ከመጋላ ሰፈር እየተነሳህ ከዚራ ሰፈር ሥራ መግባት ጀመርክ አሉኝ፤ እሰየው። ሆጃህን ፉት እያልክ ይህችን አንብብ።

1. ቋንቋን በደህና ቀን ተማር። ከተማችንን ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላስቸገረ ጣቢያው ከሜዳው ላይ ቀረ። ኦሮሞውና ሶማሌው ቀድሞም እዚሁ ነበሩ፤ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና ሕንዱ ባቡሩን ተከትለው ተጨመሩ። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ዋጋውን በሦስት ቋንቋ ትጠራልሃለች። የት ተማረችው? ጆሮዋ ነው ያስተማራት። አንተ ግን ግድግዳ የምትጋራውን ጎረቤትህን በቋንቋው “እንዴት አደርክ” ማለት ካቃተህ ዲግሪው ምን ሊያደርግልህ ነው? ተሳስተህም ቢሆን ተናገር። ይስቁብሃል፤ እየሳቁ ግን ያርሙሃል።

2. ቋንቋህን ለመውደድ የሌላውን መጥላት አለብህ የሚልህ ሰው ከመጣ ድምፃዊውን አሊ ቢራን ጥቀስለት። የድሬ ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ገብቶ በኦሮምኛ ዘፈነ፤ በኋላም አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ ጨመረበት። የራሱን አልጣለም፤ የሰውንም አልናቀም። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው።

3. የጫት ምርቃና ደስታ አይደለም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ሲያዘጋ በርጫ ላይ ትቀመጣለህ። አትቀመጥ አልልህም፤ ብልህም አትሰማኝም። በምርቃና ፎቅ ያልሠራ፣ ጠላቱን ይቅር ያላለ የለም፤ ሲመሽ ፎቁም ይቅርታውም ይጠፋል። ፎቁ ይቅርብህ። በምርቃና ይቅር ያልከውን ሰው ግን ጠዋት ሄደህ ጨብጠው። እኔ ደስታ የምለው ይኼንን ነው።

4. መዋጮህን በጊዜ ክፈል። ሙስሊሙ አፎሻ፣ ክርስቲያኑ እድር ይበለው እንጂ ድንኳን ሲተከል ሁለቱም ይመጣሉ። አንተም የሌላውን ሐዘን ቁጭ ብለህ አስተዛዝን።

5. ርኅራኄ ከዕንባ ይቅደም። ደቻቱን በጋውን ሙሉ በደረቅ አሸዋው ታውቀዋለህ፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ይዘረጋበታል። አትመነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ነው ድንገት የሚመጣው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እህሉም ብርድ ልብሱም ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የሰጠውን ሁሉ ፈጣሪ ይባርክ፤ ለሞተው ግን አልደረሰለትም። ከመቶ ብርድ ልብስ አንዲት የሌሊት ጥሪ ትበልጥ ነበር እላለሁ፤ ያኔ ስልክ ያለው ጥቂት ሰው ነበር፣ ዛሬ ግን ሁሉም በኪሱ ይዞታል። እንግዲህ ወንዙ ዳር የሚያድሩ ቤተሰቦችን ቁጥር ያዝ። ደጋው ሲጠቁር ካየህ ደውልላቸው፤ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በሚገባቸው ንገራቸው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አደራህን፣ ስልክህን አጥፍተህ አትተኛ።