ታይፉን እየመጣ መሆኑ ከታወቀ ሰው ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ ታይፉን የብስ ላይ ከመድረሱ ከቀናት በፊት እንደሚታወቅ ሰምቻለሁ። በምን ይከታተሉታል? ቀድሞ ከታወቀስ ለምን ይህን ያህል ሰው ያልቃል?

መልስ፦ ውቅያኖስ ላይ ሳለ ዋናው መከታተያ ሳተላይት ነው። ባለሙያዎች የደመናውን ቅርፅና የአናቱን ቅዝቃዜ አይተው የነፋሱን ፍጥነት ይገምታሉ። መሃል ያለው ዓይን ጥርት ካለና ዙሪያውን ያለው ደመና እጅግ ከቀዘቀዘ፣ አውሎ ነፋሱ በርትቷል ማለት ነው። ወደ ዳርቻ ሲቃረብ ራዳር ያግዛል።

ሃያን የተባለውን ታይፉን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2013 ንጋት ላይ ፊሊፒንስ ውስጥ ጊዋን በተባለች ከተማ በኩል ገባ። የአሜሪካ ጦር የትንበያ ማዕከል ፍጥነቱን በሰዓት 315 ኪሎ ሜትር ገምቶት ነበር። የወቅቱ የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ቤኒኞ አኪኖም በዋዜማው በቴሌቪዥን ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል። ያም ሆኖ ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ።

ብዙዎቹን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን ነፋሱ የገፋው ባሕር ነው። የፊሊፒንሷ የታክሎባን ከተማ ያለችው ጥልቀት በሌለውና ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚሄድ የባሕር ወሽመጥ ጫፍ ላይ ነው። መሄጃ ያጣው ውኃ ሽቅብ ተነሥቶ ከተማዋን አጥለቀለቀ፤ ለመጠለያ የተመረጡ አንዳንድ ሕንፃዎችም ተዋጡ።

ስለዚህ ታይፉን በሚያሰጋው አገር የምትኖሩ ሁሉ፣ ከነፋሱ ፍጥነት ይልቅ ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጠይቁ። ልቀቁ ስትባሉም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ከፍታ ውጡ። ዓይኑ ሲያልፍ ነፋሱ ጸጥ ቢልም ከመጠለያ አትውጡ፤ የአውሎ ነፋሱ ሌላው ወገን ወዲያው ይከተላል።