ከበሮው አሁን ኪሳችን ውስጥ ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ጁሙዓ ቀን መርካቶን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። አዛን ሲቃረብ አንዱ ነጋዴ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ይላል፤ ሌላው በሩን ገርበብ አድርጎ ይወጣል፤ ተሸካሚው ጭነቱን አራግፎ ላቡን እየጠረገ ውዱእ ሊያደርግ ይሮጣል። ታላቁ አንዋር መስጂድ ሲሞላ ሶፉ ወደ ውጪ ይፈሳል። መስገጃ የያዘ መስገጃውን፣ ያልያዘ ካርቶን መንገዱ ላይ ያነጥፋል። በዚያ ሁሉ ገበያ መሐል ሰው ንግዱን ትቶ ወደ ጌታው ሲሄድ ማየት ትልቅ ኒዕማ ነው። አልሐምዱሊላህ!

ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠያየቅ፦ ንግዱን ትተን ገባን፤ ሌላውንስ ትተናል?

ሱረቱል ጁሙዓ 9ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ለጁሙዓ ሶላት በተጠራን ጊዜ መሸጥ መግዛቱን ትተን ወደ እርሱ መወሳት እንድንሄድ ያዘናል። 10ኛው አንቀጽ ደግሞ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ላይ ተበትነን ሲሳያችንን እንድንፈልግ ይፈቅድልናል። ዲናችን ንግድን አልጠላም፤ ለሁሉም ሰዓት ሰጠው እንጂ።

11ኛው አንቀጽ ግን ወቀሳ አለበት። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ በጁሙዓ ቀን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሳሉ ምግብ የጫነ የንግድ ቅፍለት መዲና ገባ። ሰዉ ወደ ቅፍለቱ ወጣ፤ የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። የተፍሲር ሊቃውንት በዚያን ጊዜ መዲና ውስጥ ረሃብና የኑሮ ውድነት እንደነበረ፣ ቅፍለት ሲገባም ከበሮ ይመታ እንደነበር ይነግሩናል። አንቀጹ ሰዎቹን የጎተታቸውን ነገር በሁለት ስም ይጠራዋል፦ ንግድና መዝናኛ። አላህ ዘንድ ያለው ከሁለቱም እንደሚበልጥም ያስታውሰናል።

እነርሱ እንኳ ርቧቸው ነበር። እኛስ?

ዛሬ ቅፍለቱን ለማየት ከመስጂድ መውጣት አያስፈልግም። ከበሮው ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ስልኩ ሲርገበገብ እጃችን ሳናስበው ኪስ ይገባል። «ሰዓት ልይ» ብለን እንከፍተዋለን። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት፣ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ... ቀና ስንል ኢማሙ ሁለተኛውን ኹጥባ ጀምረዋል። ገላችን ሶፍ ላይ ነው፤ ልባችን ግን ቅፍለቱን ተከትሎ ከወጣ ቆይቷል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢማሙ ኹጥባ እያደረገ ጓደኛውን «ዝም ብለህ አዳምጥ» ያለ ሰው እንኳ ከንቱ ነገር እንደሠራ አስተምረውናል። በሙስሊም ዘገባ ጠጠር የነካካ ሰውም እንዲሁ ነው። ጠጠር ድምፅ የለው፣ ምስል የለው፣ ወሬ አያመጣ! ጠጠር እንዲህ ከተባለ ስልክ ምን ሊባል ነው?

አሁን ደግሞ ከመስጂድ ወጥተን ወደ ሱቅ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ከትምህርት መልስ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ትቀመጣላችሁ፤ አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም አጎታችሁን ታግዛላችሁ። ድሮ ልጅ ሱቅ የሚቀመጠው ሊማር ነበር። ጨርቅ በጣት ዳሶ መለየት፣ ደንበኛን ከአነጋገሩ ማወቅ፣ ዱቤ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ፣ ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። በ2013 ቴሌብር መጣ፤ የባንኮቹም መተግበሪያ በየስልኩ ገባ። አሁን ጠያቂው አባት ሆነ፦ «ልጄ፣ ብሩ ገብቷል? እስቲ እይልኝ።»

ይህን ጥያቄ አትናቁት። ሐሰተኛ የክፍያ ማረጋገጫ በስልኩ አሳይቶ ዕቃ አስጭኖ የሚሰወር አጭበርባሪ አለ። አባታችሁ «እይልኝ» ሲሏችሁ ስንት ዓመት የለፉበትን ንብረት በእናንተ ዓይን ላይ እየጣሉ ነው። ይህ አማና ነው። ደግሞ ትንሽ ያፍራሉ፤ ትናንት እርሳቸው የሚያስተምሩት ልጅ ዛሬ አስተማሪ ሆኖባቸዋል።

እኛ ግን ቪዲዮአችን ስለተቋረጠ ብቻ አንዳንዴ ምን እንላለን? «ኡፍ! አሁን ነገርኩህ አይደል እንዴ!»

ልብ በሉ! ሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ለወላጆቻችን እንዳንላት የከለከለን ይህችኑ ቃል ነው። በዐረብኛው ኡፍ ናት፤ በእኛም አፍ ኡፍ ናት። ትርጉም እንኳ አያስፈልጋትም። አሊፍ፣ ባ፣ ታ እስክንለይ እነርሱ ስንት ጊዜ ደገሙልን? እኛ ሦስተኛው ላይ ሰለቸን።

ሌላም አማና አለ፤ የወሬ አማና። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ ምስሉ በየስልካችን ደርሶ ነበር። እዚያ ነበልባል ውስጥ የስንቱ ቤተሰብ ጥሪት ነበር። በእንዲህ ያለ ሌሊት «እገሌ ነው ያቃጠለው»፣ «ይህን ያህል ሰው ሞተ» የሚል ያልተጣራ ወሬ ማጋራት በተጎዳው ላይ ሁለተኛ እሳት መለኮስ ነው። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የሚያዘን ባለማወቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው።

ስልክ ጠላት ነው እያልን አይደለም። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው የሙስሊሙ የመብት ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» በተሰኘው የፌስቡክ ገጽ መልእክቱን ያስተላልፍ ነበር። በጁሙዓ አንዋር መስጂድ የሚሰበሰበው ሕዝብ መቼ ድምፁን እንደሚያሰማ፣ መቼ ዝም እንደሚል አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ያኔ ስልክ ሰውን ወደ ሶፍ ሰበሰበ። ዛሬ ከሶፍ፣ ከአባታችንና ከእናታችን የሚበትነን ከሆነ አያያዛችንን እንመርምር።

ለዚህ ሳምንት አራት ነገር እንያዝ፦

1. ለጁሙዓ ስንወጣ ስልኩን እናጥፋው፤ የሚቻል ከሆነ ሱቅ ወይም ቤት እንተወው።

2. አባት ወይም እናት ስለ ስልክ ሲጠይቁን የእኛን ስልክ አስቀምጠን፣ ፊታችንን አዙረን እንመልስላቸው። አሥር ጊዜ ቢሆንም።

3. ያላጣራነውን ወሬ አናጋራ። የሰማውን ሁሉ ማውራት ለሰው ውሸትነት በቂ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

4. በጁሙዓ ቀን ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት አለች፤ ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ይላሉ። እርሷን ለቲክቶክ አንስጣት። ለወላጆቻችን ዱዓ እናድርግባት። ቤተሰቡ ከአዲስ ከተማ ወጥቶ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም የገባበት ደግሞ ከዚያ በፊት ለአያቱ ይደውል፤ ጎረቤቶቿን ትታ ሄዳለች፣ ድምፁ ይናፍቃታል።

ያ አላህ! ልባችንን ከገላችን ጋር ሶፍ ላይ አቁምልን። ለወላጆቻችን የዓይን ማረፊያ አድርገን። የነገዱትን ባርክላቸው፤ ንብረታቸው የጠፋባቸውንም በተሻለ ተካላቸው። አሚን!

ሱረቱል ካህፍንና በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛትን አንርሳ። ይህን መልእክት ለወዳጆቻችሁ አድርሱ፤ ካደረሳችሁ በኋላ ግን ስልኩን አስቀምጡትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው አናግሩ።