ከእባብ እንጠንቀቅ

ስለ እባብ ከእኔ ይልቅ እናንተ ብዙ ታውቃላችሁ። እኔ ከተማ ያደግሁ ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከልጆቻችሁ ዕድሜ አይበልጥም። እባብን የሚያውቀው ማጭድ ይዞ እርሻ ላይ የሚውለው፣ ከብት ተከትሎ ሸለቆ የሚወርደው፣ እንጨት ለመልቀም ቁጥቋጦ የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን ሐኪሞችም ስለ እባብ መርዝ መርምረው የደረሱበት ነገር አለ። በዚህ ትምህርት የምናነበው እሱን ነው።

እባብ የት ይበዛል?

እባብ እንደ ሰውና እንደ በሬ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይና ፀሐይ ከመታው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ብርድ አይስማማውም። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በመንዝ ጓሳ እባብ ጥቂት ነው። ወደ ጀማ፣ ወደ ወንጪትና ወደ አዳባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ሙቀቱም ይጨምራል፤ እባቡም ይበዛል።

ታዲያ የመንዝና የግሼ ደገኛ «ይህ የመርሐቤቴ ቆላ ሰው ጉዳይ ነው» ማለት የለበትም። ቆላ ወርዶ የሚያርስ አለ። ለገበያ የሚወርድ አለ። ከደጋ ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ፣ ሑመራና አብደራፊ ድረስ የሚሄድ ወጣትም አለ። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እባብ የነደፋቸውን የቀን ሠራተኞች ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል። ቆለኛ እባብ ስለለመደ አይቶ ይረግጣል። ያልለመደው ደገኛ ግን ሳያይ ይረግጣል።

አደገኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?

እባብ ሁሉ መርዘኛ አይደለም። በዓለም ካሉት የእባብ ዓይነቶች የሚበዙት መርዛቸው ሰውን አይጎዳም። ከመርዘኞቹ አንዱ እፉኝት ነው። እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው። ቆዳው አፈርና ደረቅ ቅጠል ይመስላል። ሰው ሲመጣ አይሸሽም፤ ባለበት ዝም ብሎ ይተኛል። ሲረግጡት ይነድፋል። የነደፈው ቦታ ክፉኛ ያብጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሥጋውም ሊሞት ይችላል።

በቆላ አገር ደግሞ አንገቱን ዘርግቶ የሚቆም ኮብራ አለ። የአንዳንዱ ኮብራ መርዝ የዓይን ቆብ ያከብዳል፤ ምላስ ያስራል፤ በመጨረሻም ትንፋሽ ያሳጥራል። መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋም አለ። ያን ጊዜ ዓይንን ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው።

እንዴት እንጠንቀቅ?

1. ቆላ ስንወርድ እግርን የሚሸፍን ጫማ እናድርግ።
2. ሌሊት ስንወጣ ባትሪ እናብራ፤ መንገዱንም በበትር እየመታን እንሂድ።
3. እጃችንን ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ኩይሳና ወደ ድንጋይ ካብ አናስገባ። የተከመረ እንጨት ከማንሣታችን በፊት በበትር እናነቃንቀው።
4. አይጥ ባለበት እባብ ይመጣል። ስለዚህ እህላችንን በደንብ እንክደን፤ የጎተራውን ዙሪያ እንጥረግ፤ በቤቱ አጠገብ ያለውን ሣር እንጨድ።
5. መሬት ላይ አንተኛ። አልጋ ወይም ከፍ ያለ መደብ ይሻላል። አጎበር ካለ ጠርዙን ከመኝታው ሥር እንወትፈው።

እባብ ቤት ቢገባስ?

በአውስትራሊያ አገር በባሕር ዳርቻ አጠገብ በሚገኘው በብሪስቤን ከተማ እባብ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ስልክ ይደውላል። ፈቃድ ያለው ሠራተኛ መጥቶ እባቡን በረጅም ሜንጦ ያነሣና በከረጢት ከትቶ ወደ ጫካ ይወስደዋል። ሙያው የተማሩት ሰዎች ሥራ ነው። በእኛ ቀበሌ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም። ሆኖም ከእነሱ የምንማረው አለ፦ ያልሠለጠነ ሰው እባብ አይዝም። ልጆችን እናስወጣ፤ በሩን ከፍተን ርቀን እንጠብቅ። እባብም መውጫ ካገኘ መሸሽን ይመርጣል።

«እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ይባላል። አባቶች ከነበትሩ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። የሞተ እባብ፣ የተቆረጠ ራስ እንኳ፣ ለጥቂት ጊዜ ሊነድፍ ይችላል። ስለዚህ የሞተውንም በእጅ አንንካ።

እባብ ቢነድፍ ምን እናድርግ?

1. የተነደፈውን ሰው ከእባቡ እናርቀው፤ እናረጋጋው። እባቡን አናሳድድ።
2. እብጠት ሳይመጣ ቀለበቱን፣ አምባሩንና አልቦውን እናውልቅ።
3. የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ፣ ወጌሻ የተሰበረ እግር እንደሚደግፍ፣ በእንጨት እንደግፈው። ጨርቁ ግን ደም እስኪያቆም አይጥበቅ።
4. በእግሩ አይሂድ። ቃሬዛ ይሠራ፤ ጎረቤት ይጠራ። ቢያስመልሰው በግራ ጎኑ እናስተኛው።
5. የተነደፈበትን ሰዓት ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። የወረዳው አምቡላንስ ከተገኘ መኪና መንገድ ድረስ ተሸክመን እናገናኘው።

ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ በእሳት መተኮስ፣ አረቄ ማጠጣት ጉዳቱን ያብሳል። ጊዜም ይበላል።

«ሥር ቀምሼ ድኛለሁ»

ይህን የሚል ሰው ውሸታም አይደለም፤ በእርግጥ ድኗል። ግን ለምን ዳነ? ምናልባት የነደፈው እባብ መርዝ አልነበረውም። መርዘኛ እባብም አንዳንዴ መርዙን ሳይለቅ ይነድፋል። ያን ጊዜ ሥሩን ቢቀምስም ባይቀምስም ይድናል። መርዝ በእርግጥ ከገባ ግን ሥሩ አያወጣውም። ከመድኃኒተኛው ቤት ሲጠባበቁ ያለፈው ሰዓት አይመለስም።

የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጥቂት መርዝ በፈረስ ሰውነት ይወጋል። የፈረሱ ደም መርዙን የሚከላከል ነገር ያበጃል። እሱ ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል፤ በሐኪም እጅ በደም ሥር ይሰጣል። ይህ መድኃኒት በየጤና ኬላው የለም። ስለዚህ ቆላ ከመውረዳችን በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን «ማርከሻው የት ይገኛል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ጽፈን በቤታችን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ማንበብና መጻፍ የቻልነው ለዚህም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል። ከእነዚህ የሚበዙት እንደ እኛው ገጠር የሚኖሩ ድሆች ናቸው። ድርጅቱ በ2009 ዓ.ም. የእባብ ነደፋን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። እኛም በየቀበሌያችን ችላ አንበለው።

ጥያቄዎች

1. እባብ ከደጋ ይልቅ በቆላ የሚበዛው ለምንድን ነው?
2. የተነደፈ ሰው በእግሩ መሄድ የሌለበት ለምንድን ነው? በምን እንወስደዋለን?
3. ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ቃሬዛውን እነማን ይሸከማሉ? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።