ዛፉን ሳታይ ቃታ አትሳብ

የእህቴ ልጅ፣ የአደን ትምህርቱን ጨርሰህ ካርድህን እንደተቀበልክ እናትህ ነገረችኝ። የኤልክ፣ ማለትም የዚህ አገር ትልቁ አጋዘን፣ ፈቃድ ስታወጣ የድብም ደርበህ ገዝተሃል አሉ። እዚህ ኮሎራዶ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ይህን የምጽፍልህ ስለ ድቡ ነው፤ የኤልኩን ነገር ቁጭ ብለን እንጫወታለን።

1. ሕጉን እወቅ፤ አጭር ነው። የድብ ግልገል አይገደልም፤ ግልገል ያስከተለችም ድብ አትገደልም። በ1992 የኮሎራዶ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚካሄደውን የጸደይ የድብ አደን አስቀርቷል። ምግብ አስቀምጦ አባብሎ መግደልንና በውሻ ማሳደድንም ጨምሮ ነው። በጸደይ ከዋሻዋ የወጣች እናት ስትገደል ገና የሚጠቡት ልጆቿ በረሃብ ያልቃሉ።

2. ሕጉ የማይነግርህ ነገር አለ። እናቲቱን አየህ ማለት ግልገሎቿን አየህ ማለት አይደለም። ድብ ስትሰጋ ልጆቿን ዛፍ ላይ ታወጣለች፤ እነሱም እስክትጠራቸው ድረስ ግንዱ ላይ ተለጥፈው ዝም ይላሉ። አንተ የምታየው ለብቻዋ የኦክ ፍሬ የምትለቅም ድብ ብቻ ነው። በቀለሟም አትለያትም፤ ስሙ ጥቁር ድብ ይባል እንጂ በእኛ ተራሮች ቡናማውም ቀላ ያለውም ብዙ ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አንዲት ቡናማ ድብ ቁጥቋጦ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ሁለት ደቂቃ ያህል አየኋት። ያን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብዙ መስሎኝ ነበር። ተኮስኩ፤ ወደቀች። ደስታዬ አጠገቧ እስክደርስ እንኳ አልቆየም፤ ከጎኗ ካለው ጥድ ላይ የሕፃን ልቅሶ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቀና ስል ሁለት ግልገሎች ግንዱን አቅፈው ቁልቁል ያዩዋታል። እኔን አይደለም፤ እሷን ነው የሚያዩት።

ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች ደወልኩ። ሥጋውም ቆዳውም ተወሰደ፤ ቅጣቴን ከፈልኩ። አንዱን ግልገል ያዙት። እንዲህ ያሉትን ማገገሚያ ውስጥ አሳድገው በበረዶው ወራት ሰው ባዘጋጀላቸው ዋሻ ይለቋቸዋል። ሁለተኛው ግን ከጥዱ ወርዶ ሸንተረሩን ተሻገረ፤ ቢፈለግ አልተገኘም። ያ ድምፅ ዛሬም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

3. ስለዚህ ጠብቅ። ግማሽ ሰዓት እይ፤ ከቻልክ ከዚያም በላይ። እሷን ብቻ አትይ። በዙሪያዋ ያሉትን ዛፎች ከሥር እስከ ጫፍ በመነጽርህ ፈትሽ። በጠመንጃው መነጽር አይደለም፤ አፈሙዝ ለመፈለጊያ አይሆንም። ደጋግማ ወደ አንድ ዛፍ ከዞረች፣ ወይም እየበላች ከአንድ ቦታ ካልራቀች፣ ተዋት። ከተጠራጠርክም ተዋት። ሲመሽ ደግሞ ጨርሶ አታስበው።

4. አንዲት እናት ስትሞት ስንት ነገር እንደሚሞት ላስረዳህ። ሴት ድብ እዚህ አገር በአብዛኛው የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላት ነው፤ ከዚያም ቢፈጥን በየሁለት ዓመቱ ነው። በጁን አካባቢ ትገናኛለች፤ ጽንሱ ግን ማደግ የሚጀምረው ኖቬምበር ገደማ ነው፤ ያውም በቂ ስብ ካጠራቀመች። ስቡ ካልበቃት በዚያ ዓመት አትወልድም። ዋሻዋ ውስጥ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ትወልዳለች፤ ግልገሉ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እሷ አንዲት ጉርሻ ሳትቀምስ ከገዛ አካሏ ታጠባዋለች። ከዚያም እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ ይዛው ትዞራለች፤ የቱ ፍሬ መቼ እንደሚበስል ከእሷ ነው የሚማረው።

ግሪዝሊ የሚባለው ትልቁ ድብ ድሮ በዚሁ ግዛት ነበር። የመጨረሻዋ የታወቀችው በ1979 በሳን ሁዋን ተራሮች ተገደለች። ሴት ነበረች።

5. ድንገት በቅርብ ካገኘሃት በእሷና በግልገሎቿ መካከል አትቁም። አትሩጥ። ዛፍ ላይም አትውጣ፤ ከአንተ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች። ፊትህን ወደ እሷ እንዳደረግህ፣ ቀስ ብለህ እየተናገርክ ወደ ኋላ ሂድ። በኃይል ብትተነፍስብህ፣ ጥርሷን ብታንቀጫቅጭ፣ ሂድልኝ ማለቷ ነው፤ እሺ በላት። የድብ ስፕሬይህ ቦርሳህ ውስጥ ሳይሆን ወገብህ ላይ ይሁን። በእርግጥ ከያዘችህ ግን እንደ ሞተ ሰው አትተኛ፤ በጥቁር ድብ ፊት ያለህን ሁሉ ይዘህ ታገል።

6. እኛ ያደግነው የገዳይ ፉከራ እየሰማን ነው። አንበሳ ጣልኩ፣ ጎሽ ጣልኩ ሲባል ወንዱም ሴቱም እልል ይላል፤ የወደቀው አውሬ እናት ትሁን አትሁን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ያን ወኔ ይዘህ ጫካ አትግባ። ፎቶ አንስተህ ለጓደኞችህ የምትልከው ነገር ፍለጋም አትውጣ።

7. ድብን እኛ በዓይን ሳናያት በመጽሐፍ ነው ያወቅናት። ዳዊት በግ የነጠቀውን ድብ ገድሏል። የዳዊት ወዳጅ ኩሲ ደግሞ ዳዊትንና ሰዎቹን በቁጣቸው ልጆቿን በተነጠቀች ድብ መስሏቸዋል። በኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ እንዳይወስድ ታዟል፤ ለወፍ ይህን ያህል ከተባለ ለድብ ምን እንደሚባል አንተው አስበው። ሌላም አለ፤ ኤልክ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ እንበላዋለን። ድብ በእኛ ቤት አይበላም። የዚህ አገር ሰው ሥጋውን በደንብ አብስሎ ይበላዋል፤ አልፈርድበትም። አንተ ግን የማትበላውን ለምን ትገድላለህ? የድቡን ፈቃድ ኪስህ ውስጥ ተወው።

መነጽሬን ለእናትህ ሰጥቻታለሁ። የግራው ዓይን ማስተካከያ ትንሽ ይጠብቃል፤ ሳትቸኩል ካዞርከው ግን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።