የትግል ቤት ልጅ፤ የብሬት ሐርት የሥራ ዘመን ምን ያስተምረናል?

በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር በተነሣ ቍጥር በሁለት ወገን መከፈላችን የተለመደ ነው። በቅርቡ የተነሣው ክርክር በቴሌቪዥን ስለሚታየው የአሜሪካ ትግል ነበር። ከፊላችን «ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ግጥሚያ ውሸት ነው፤ ውሸትንም መመልከት ጊዜ ማጥፋት ነው» አልን። ከፊላችንም «ሰውየው ከገመድ ላይ ዘሎ ሲወድቅ የሚሰበረው አጥንት ውሸት ነውን?» ብለን መለስን። ክርክሩ ሳይቋጭ መብራት ጠፋ። እኛም ነገሩን እዚያው ጨለማ ውስጥ ከመተው ይልቅ ጥቂት መርምረን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ማቅረብ ይሻላል ብለን ይህን አጭር ጽሑፍ አሰናዳን።

ለምርመራችን የመረጥነው ሰው ካናዳዊው ብሬት ሐርት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት የዝናው ብዛት ሳይሆን የተወለደበት ቤት ነው። ከዐሥራ ሁለት ልጆች ስምንተኛው ሲሆን፣ ስምንቱ ወንዶች ልጆች ሁሉ በትግል ሥራ ገብተዋል፤ አራቱም ሴቶች ልጆች ታጋዮችን አግብተዋል። አንድን ሙያ በሚገባ ማወቅ የሚሻ ሰው ሙያው እንጀራም ሐዘንም የሆነበትን ቤት ቢመረምር ብዙ ይማራል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

፩. ውሸት ወይስ ስምምነት?

ከሁሉ አስቀድሞ ትግል ስንል ሁለት ነገር እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በኦሎምፒክ የሚታየው ነው፤ በዚያ አሸናፊው የሚታወቀው ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው የሙያ ትግል የሚባለው ሲሆን፣ በዚህኛው አሸናፊውን አስቀድሞ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ታጋዮቹ መጨረሻውን ያውቃሉ፤ ወደዚያ መጨረሻ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ በመድረኩ ላይ እየተንሾካሾኩ ያበጁታል። አንዱ ሌላውን ከራሱ በላይ ሲያነሣው የተነሣው ሰው አንገቱን ለአንሺው አደራ ሰጥቷል ማለት ነው። የሚወድቀውም ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ስቦ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ፣ የመውደቁን ኀይል በጀርባው ሁሉ ላይ ካላካፈለው ይጎዳል።

ስለዚህ ሙያው ውሸት ከሚባል ይልቅ ስምምነት ቢባል ይቀርበዋል። በቴያትር ቤት ሐምሌት ሲሞት ከተመልካቾች ማንም ተነሥቶ ፖሊስ አይጠራም። ተዋናዩ የያዘው ሰይፍ በስሕተት የተሳለ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። በትግል መድረክ ላይ ሰይፉ ሁልጊዜ በከፊል የተሳለ ነው። ታጋዩን ከሞትና ከስብራት የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የባልንጀራው እጅና የአዘጋጁ ቃል ናቸው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

፪. ቤቱና ምድር ቤቱ

አባቱ ስቱ ሐርት በ1915 ዓ.ም. በካናዳ በሳስካቱን ከተማ ተወለደ። ያደገው በብርቱ ድኽነት ነው፤ ቤተ ሰቡ በድንኳን ውስጥ የኖረበት ጊዜ ነበር። በ1940 የካናዳ የአማተር ትግል ሻምፒዮን ሆነ፤ ነገር ግን የዚያ ዓመት ኦሎምፒክ በዓለም ጦርነት ምክንያት ስለ ቀረ ተስፋው ሳይፈጸም ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ በኒው ዮርክ የሙያ ታጋይ ሆኖ ሲሠራ ሄለን ስሚዝን አገኘ። የእርስዋም አባት በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ ማራቶን የሮጠ ሰው ነበር። ተጋብተው ወደ ካናዳ ከተመለሱ በኋላ ስቱ በ1948 በኤድመንተን የራሱን የትግል ድርጅት አቋቋመ። ይህም ድርጅት ቈይቶ «ስታምፒድ ሬስሊንግ» በሚል ስም ታወቀ።

ቤተ ሰቡ በካልገሪ ከተማ በአንድ ኰረብታ ላይ በታነጸ ትልቅ የሸክላ ቤት ይኖር ነበር። ከቤቱ ይልቅ የታወቀው ግን ምድር ቤቱ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ የትግል ፍራሽ የተነጠፈበት ይህ ክፍል «እስር ቤቱ» ይባል ነበር። ትግል ልማር ብሎ የመጣውን ጐልማሳ ስቱ እዚያ አውርዶ፣ እጁንና እግሩን ቈላልፎ፣ በእውነተኛ አያያዝ እስኪጮኽ ድረስ ይይዘው ነበር። በኋላ በሕዝብ ፊት ሕመምን የሚያስመስል ሰው አስቀድሞ ሕመምን ማወቅ አለበት የሚል ትምህርት ይመስላል።

ብሬት ሐምሌ 2 ቀን 1957 ከዚህ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በአባቱ ግጥሚያዎች ላይ የፕሮግራም ወረቀት ይሸጥ ነበር። በትምህርት ቤትም በአማተር ትግል ተወዳደረ፤ በ1977 በማውንት ሮያል ኮሌጅ ሳለ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ1978 በአባቱ ድርጅት የሙያ ታጋይ ሆኖ ሲጀምር፣ ከአባቱ ሌላ ያሠለጠኑት ሂቶ እና ሳኩራዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ነበሩ።

ያገራችን ሰው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ስምንት ወንድማማቾች ሁሉ ወደ አንድ ሥራ ሲገቡ የሳባቸው ዘር ነውን? ወይስ በቤቱ ውስጥ ሌላ በር አልነበረምን? እኛ ሁለቱም ነው ለማለት እንደፍራለን።

፫. ከአባት መድረክ ወደ ሰው መድረክ

በዚያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ አገር የራሱ የትግል አዘጋጅ ነበረው፤ አንዱም በሌላው ድንበር አይገባም ነበር። ይህን ሥርዓት ያፈረሰው ቪንስ ማክማህን ነው። እርሱም የትግል ቤት ልጅ ነበር፤ በ1982 የአባቱን ድርጅት ገዝቶ፣ በቴሌቪዥን ኀይል የየክፍለ አገሩን አዘጋጆች እየዋጠ ሄደ። በ1984 ስቱ ሐርት ድርጅቱን ለማክማህን ሸጠ። ብሬትም በዚሁ ምክንያት የአባቱ ልጅ ከመሆን የሌላ ሰው ሠራተኛ ወደ መሆን ተሸጋገረ።

መጀመሪያ ከእኅቱ ባል ከጂም ናይድሃርት ጋራ በጥንድ ትግል ተሰለፈ፤ በ1987 እና በ1990 የጥንድ ሻምፒዮን ሆኑ። ዘመኑ የግዙፎች ዘመን ነበር፤ ብሬት ግን ከብዙዎቹ በአካል ያነሰ ነበረ። ያነሰውን በሙያ አካካሰው። እያንዳንዱን አያያዝ እንደ እውነት የሚያስቈጥር፣ ባልንጀራውንም የማይጎዳ ታጋይ በመባል ታወቀ። በ1991 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ብቻውን ተጋጥሞ የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ አገኘ።

ነሐሴ 29 ቀን 1992 በለንደን ዌምብሊ ስታዲየም የሆነው ደግሞ ሙያው ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያል። 80 ሺህ ያህል ሰው በተሰበሰበበት የሌላይቱን እኅቱን ባል እንግሊዛዊውን ዴቪ ቦይ ስሚዝን ገጠመ። ብሬት በኋላ እንደ ተረከው፣ ስሚዝ ጥቂት ጊዜ እንደ ታገለ የተስማሙበትን ሁሉ ረሳው፤ ብሬትም በየደቂቃው በጆሮው እየነገረ እስከ መጨረሻው መራው። በመጨረሻም ብሬት ተሸነፈ፤ እንግሊዞችም በደስታ ጮኹ። በዚያን ምሽት የበለጠውን የሠራው ማን ነው ብንል፣ የተሸነፈው ነው የሚል መልስ እናገኛለን። በሌላ ስፖርት እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 12 ቀን ሪክ ፍሌርን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቦታውም አባቱ የተወለደበት የሳስካቱን ከተማ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1994 በመጀመሪያው ግጥሚያ በታናሽ ወንድሙ በኦወን ተሸነፈ፤ በዚያው ምሽት ግን ዮኮዙናን አሸንፎ ቀበቶውን መለሰ። በጠቅላላው በዚሁ ድርጅት አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

፬. የታጠፈ ቃል

በ1996 ብሬት ከማክማህን ጋራ የሃያ ዓመት ውል ተፈራረመ። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ማክማህን ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ወደ ተፎካካሪው ድርጅት እንዲሄድ ገፋፋው። ብሬት ተስማማ፤ ነገር ግን ቀበቶው በእጁ ነበር። ከመሄዱ በፊት በሾን ማይክልስ እንዲሸነፍ ሲጠየቅ፣ በካናዳ በሕዝቤ ፊት አይሆንም አለ። ውሉም በመጨረሻዎቹ ሠላሳ ቀናት በግጥሚያዎቹ አፈጻጸም ላይ አግባብ ያለው ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በመጨረሻም ግጥሚያው ያለ አሸናፊ በግርግር እንዲያልቅ ከማክማህን ጋራ ተነጋግረው ተስማሙ።

ኅዳር 9 ቀን 1997 በሞንትሪያል ግጥሚያው ሲካሄድ ማይክልስ የብሬትን የራሱን አያያዝ ያዘበት። ብሬት እጅ አልሰጠም። ማክማህን ግን ከመድረኩ አጠገብ ቆሞ ደወሉ እንዲደወል አዘዘ፤ ደወሉም ተደወለ፤ ማይክልስ አሸነፈ ተባለ። በዚያ ሰሞን ስለ ብሬት ዘጋቢ ፊልም ይሠራ ስለ ነበር፣ ማክማህን የሰጠው ቃል በድምፅ ተቀርጾ ተገኘ። ፊልሙም በ1998 ለሕዝብ ታየ።

«ውጤቱ ውሸት ከሆነ መሸነፉ ምን ይጎዳዋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከላይ በልብ ይያዝልን ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ይገባል። ሰው አንገቱን ለሰው አደራ የሚሰጥበት ሥራ በቃል ብቻ የቆመ ነው። በዚያ ምሽት የተሰረቀው ቀበቶ ሳይሆን ቃል ነው። በመድረኩ ዙሪያ የነበሩትም ሁለት ወራሾች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ አንዱ ከአባቱ ሙያውን ወረሰ፣ ሌላው ንግዱን ወረሰ። ደወሉ በማን እጅ እንዳለ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

፭. የተከፈለው ዋጋ

ኦወን ሐርት በማክማህን ድርጅት ቀርቶ ነበር። ግንቦት 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ በኬምፐር አሬና ለማሳያ ያህል ከጣሪያ በገመድ እንዲወርድ ተደረገ። መያዣው ያለ ጊዜው ተፈታና 24 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበረ። ትርኢቱ ግን አልተቋረጠም፤ የቀሩት ግጥሚያዎች በዚያው ምሽት ቀጠሉ። የቤተ ሰቡም ክስ በ2000 በ18 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

በዚያው በ1999 ታኅሣሥ 19 ቀን ብሬት በአዲሱ ድርጅት ሲታገል ከጎልድበርግ በተሰነዘረ ርግጫ አንጎሉ ክፉኛ ተናወጠ። የባልንጀራ እጅ ሲስት የሚሆነውን በራሱ አካል አየው። በ2000 ሥራውን ለመተው ተገደደ፤ ሰኔ 24 ቀን 2002 ከብስክሌት ወድቆ በደረሰበት ስትሮክ ግራ ጐኑ ሽባ ሆነ፤ ከዚያም በብዙ ትግል ዳግመኛ መራመድ ቻለ። እናቱ በ2001፣ አባቱ በ2003 ዐረፉ።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው ተረቱ። የሐርት ቤት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተነገረውንም የተወለደውንም አጣ።

፮. መደምደሚያ

ብሬት በ2006 በዚያው ድርጅት የታላላቅ ታጋዮች መዝገብ ገባ፤ ጥር 4 ቀን 2010 ከማይክልስ ጋራ በሕዝብ ፊት ተጨባበጠ። የእኅቱ ልጅ ናታሊያም በ2010 እና በ2017 ሻምፒዮን ሆናለች። ስለዚህ ቤቱ አልተዘጋም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሙያን መውረስ የሚያሳፍር አይደለም። ከእኛም መካከል የአባቱን እርሻ ወይም ሸማ ትቶ የመጣ ብዙ ነው፤ የተውነውን ሥራ ከመናቃችን በፊት ምን ያህል ጥበብ እንደ ነበረበት ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ ሙያ ብቻውን ሰውን አይጠብቅም። በዚያ ታላቅ ድርጅት ታጋዮቹ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን በግል እንደሚዋዋሉ ሰዎች ሲቈጠሩ ኖረዋል፤ የሠራተኛ ማኅበርም አልነበራቸውም። ብሬት በሞንትሪያል ሲከዳ የሥራ ባልደረቦቹ ብዙዎቹ አዘኑ፣ ተቈጡም፤ በማግስቱ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ታጋይ ብቻውን ምን ያህል ጐበዝ ቢሆን፣ ደወሉ በሌላ እጅ ካለ ምን ማድረግ ይችላል?

ወደ መኝታ ቤታችን ክርክር ስንመለስ፣ «ትግሉ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጐደሎ እንደ ነበር እናምናለን። መጠየቅ የነበረብን «ውሉን ማን ጻፈው? ሲፈርስስ ማን ይወድቃል?» ብለን ነው። ይህን ጥያቄ ስለ ትግል ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ከዚህ ወጥተን ስለምንገባበት ሥራ ሁሉ ብንጠይቀው አይጎዳንም። የተለየ አሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ቢመልስልን ደስ ይለናል።